ካሜራ ስትገዙ የተቀነሰውን እዩ፦ ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ የንጽጽር መመሪያ

ካነን አር1 24 ሜጋፒክስል ነው። ካነን አር50ም 24 ሜጋፒክስል ነው። አር1 በ2024 ሲወጣ ዋጋው 6,300 ዶላር ገደማ ነበር። አር50 በ2023 በ680 ዶላር ገደማ ወጣ። ሁለቱም ያለ ሌንስ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ካሜራዎቹ የሚታወቁት በዚያ ነው።) ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አንድ ሱቅ ገብታችሁ "ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ሁለቱ ካሜራዎች ለእናንተ አንድ ናቸው።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?

ቀን ላይ፣ ጥሩ ብርሃን እያለ፣ ቆሞ የሚነሳ ሰው ስታነሱ ልዩነቱ ለደንበኛ ዓይን እምብዛም አይታይም። የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ አቧራውን እያስነሱ ሲመጡ ይታያል። ሰርግ ላይ ከማለዳ እስከ ማታ ስትሠሩ ቆይታችሁ ካርዱ "አልነበብም" ሲል ይታያል። ጢስ ዓባይ ክረምት መውጫ ላይ ርጭቱ ካሜራውን ሲያረጥበው ይታያል።

ካሜራ ሠሪዎች ርካሹን ካሜራ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ የሚቀንሱት የምስሉን ጥራት አይደለም። የሚቀንሱት ሥራ እንዳይቋረጥ የሚያደርገውን ነገር ነው። ሁለተኛ የካርድ ቦታ፣ ትልቅ ባትሪ፣ የአቧራና የውሃ መከላከያ፣ ጠንካራ ሸተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ)፣ ሳታዩት ጣታችሁ የሚያገኘው ቁልፍ። ስለዚህ "ይሄ ካሜራ ምን አለው?" ከማለት በፊት "ምን ተነሥቶበታል? የተነሣው ነገር ለእኔ ሥራ ያስፈልጋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀሪው ምርጫ ከዚህ ጥያቄ ነው የሚመጣው።

ኩባንያው ለምን ይቀንሳል?

ካሜራ ሠሪ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው። አንደኛው በካሜራው እንጀራውን ይበላል። ሌላው ልጁን፣ ጉዞውን፣ በዓሉን ያነሳበታል። አዲስ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) እና ፕሮሰሰር መፍጠር ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ኩባንያው አንዴ የሠራውን በብዙ ካሜራ ውስጥ ያስገባዋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ርካሹ ውስጥ ያው ሴንሰር ካለ ውዱን ማን ይገዛል? መፍትሔው ከርካሹ ላይ የሆነ ነገር ማንሳት ነው።

የ2003ቱን ካነን 300ዲ እንይ። ከ1,000 ዶላር በታች የወረደ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል ካሜራ) ነበር። 6 ሜጋፒክስሉ ሴንሰር ከውዱ 10ዲ ጋር አንድ ነው። ካነን ግን የተወሰኑ ነገሮችን በሶፍትዌር ቆልፎ ነው የሸጠው። ሶፍትዌሩን የነካኩ ሰዎች ብዙም ሳይቆይ አንዳንዶቹን ከፈቷቸው። ካሜራው መሥራት ይችል ነበር፤ እንዳይሠራ ነው የተከለከለው።

ኒኮን ደግሞ ተቃራኒውን ሞከረ። በ2007 ዲ3ን አወጣ፣ 12 ሜጋፒክስል፣ ለጋዜጠኞችና ለስፖርት። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሴንሰር አነስ ባለው ዲ700 ውስጥ አስገባ። ከዲ700 ላይ የተነሣው አንድ የካርድ ቦታ ነው፣ እንዲሁም ቪውፋይንደሩ (ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት መስኮት) የሚያሳየው የምስሉን 95 በመቶ ብቻ ነው። እንዲያውም ዲ3 ያልነበረው ሴንሰር ማጽጃና አብሮ የተሠራ ፍላሽ ተጨመረለት። እንጀራቸው ፎቶ የሆነ ሰዎች ዲ700ን ተሻሙበት። ተከታዩ ዲ800 በ2012 ሲመጣ ግን 36 ሜጋፒክስል፣ ረጋ ያለ ካሜራ ሆነ። ከዲ4 ጋር ሴንሰር አልተጋራም። ኒኮን ትምህርቱን ወስዷል ማለት ነው። እንደዚያ የተቀራረበ ጥንድ እንደገና ያየሁት በ2023 ነው። ያን ጊዜ ዜድ8 የዜድ9ን ሴንሰርና ፕሮሰሰር ይዞ በ4,000 ዶላር መጣ። ዜድ9 5,500 ነበር። የተነሣው ትልቁ ባትሪና የኔትወርክ ኬብል መሰኪያው ነው፣ ከሁለቱ የካርድ ቦታዎችም አንዱ ወደ ተራ ኤስዲ ተለወጠ።

ሶኒም በ2017 ኤ9ን 4,500 ዶላር አለ። በ2018 የመጣው ኤ7 3 ያንኑ ትልቅ ባትሪ፣ ሁለት የካርድ ቦታ እና ከኤ9 የወረሰውን ፎከስ ይዞ 2,000 ዶላር ሆነ። ሶኒ ያኔ ካነንንና ኒኮንን ለመቅደም ይሮጥ ነበር። ገበያ ለመንጠቅ የሚሮጥ ኩባንያ እጁ ይፈታል። ገበያውን የያዘ ይቆጥባል። ስለዚህ በዋጋው ብዙ የሚሰጥ ካሜራ ስትፈልጉ፣ ከአንደኛው ይልቅ ሁለተኛና ሦስተኛ የሆኑትን ቀድማችሁ እዩ። ለምሳሌ ኒኮን ዜድ5 2 በ2025 በ1,700 ዶላር ሲወጣ ፉል ፍሬም የሚባለውን ትልቁን ሴንሰር፣ ሁለት የካርድ ቦታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ሴንሰር ማረጋጊያ እና የዜድ9ን ዓይነት ፕሮሰሰር ይዞ ነው። በዚያ የመነሻ ዋጋ ካነን በፉል ፍሬም እንዲህ እጁን አልዘረጋም።

መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ። አዲስ ነገር ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች አይወርድም። ዛሬ የካነን ካሜራ ቪዲዮ ላይ ፎከስ የሚይዝበት ዱዋል ፒክስል የሚባለው ዘዴ መጀመሪያ የመጣው በ70ዲ ነው፣ በ2013። ትልቁ 1ዲ ኤክስ ማርክ 2 ያገኘው በ2016 ነው። ካነን ሴንሰር ማጽጃን የጀመረውም በ2006 በ400ዲ ነው። ለማቅለል የሚሆን ነገር ብዙ ጊዜ ከታች ይጀመራል። ለመጽናት የሚሆን ነገር ግን ከላይ ይቀመጣል።

ገበያውም ተለውጧል። በ2010 የጃፓን ካሜራ ሠሪዎች ማኅበር የመዘገበው ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 8 ሚሊዮን አልሞላም። ስልክ ነው የበላው። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ትኩረታቸውን ትርፍ ወዳለበት፣ ወደ ላይኛው አዞሩ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዩት በጣም ርካሽ ካሜራ ሳሳ ብሎ የታየው ለዚህ ነው።

በአንድ ዋጋ፣ ሁለት ዓይነት ቅነሳ፦ አር7 እና አር8

የኩባንያውን ሐሳብ ከየትኛውም በላይ ግልጽ የሚያደርጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አር7 በ2022 ወጣ፤ አር8 በ2023። የሁለቱም መነሻ ዋጋ 1,500 ዶላር ነበር። ካነን "አንዱን ምረጡ" ብሎ ነው ያቀረባቸው።

አር8 የአር6 ማርክ 2ን ፉል ፍሬም ሴንሰር ይዟል። አር6 ማርክ 2 2,500 ዶላር ነበር። 1,000 ዶላሩ የት ሄደ? ሴንሰሩን የሚያረጋጋው ሲስተም የለም። የካርድ ቦታው አንድ ነው። ባትሪው ትንሹ፣ ኤልፒ-ኢ17 ነው። ፎከስ ነጥቡን በአውራ ጣት የምታዞሩበት ጆይስቲክ የለም። ቪዲዮ ላይ አር6 ማርክ 2 እስከ 6 ሰዓት ሲቀዳ አር8 2 ሰዓት ላይ ይቆማል። ምስሉ ግን ያው ነው። በእውነት ያው ነው።

አር7 ደግሞ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ 32 ሜጋፒክስል። ነገር ግን ሁለት የካርድ ቦታ፣ ማረጋጊያ፣ ጆይስቲክና ትልቁ ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ አለው። ማለት የባለሙያ ዕቃዎቹን ሰጥተው ሴንሰሩን ያዙት። አር8 ላይ ሴንሰሩን ሰጥተው ዕቃዎቹን ያዙት።

ታዲያ የቱ? ሥራችሁ ይወስናል።

ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የግድግዳውን ሥዕል የምታነሱ ከሆነ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ማብራትም አይገባም። አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ግድ ነው። እዚያ አር8 ይሻላል። ልዩነቱም በዓይን የሚታይ ነው። አንድ ካርድ መሆኑም አያስጨንቅም፤ ካርዱ ቢበላሽ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ታነሳላችሁ።

ሰርግ ግን ተመልሶ አይነሳም። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናትዋ የምታለቅሰው አንዴ ነው። ተክሊሉ፣ ዳሱ ውስጥ ያለው እስክስታ፣ የሽማግሌው ምርቃት፣ ሁሉም አንዴ ነው። ካርድ ደግሞ ይበላሻል። አዲስም ይበላሻል። ሁለት ካርድ ያለው ካሜራ ያንኑ ፎቶ በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ታዙታላችሁ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ለሰርግ የምትከፈሉ ከሆነ ይሄ ቅንጦት አይደለም። ለእኔ የመጀመሪያው መስፈርት እሱ ነው። ከአር8 ይልቅ አር7ን እመርጣለሁ፤ የምስሉን ልዩነት በጥሩ ሌንስና በፍላሽ አካክሳለሁ።

እንጅባራም ላይ አር7 ነው የሚያዋጣው። ትንሹ ሴንሰር በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። 200 ሚሊሜትር ሌንስ 320 ያህል አቅርቦ ያሳያችኋል። በዋናው፣ በመካኒካሉ ሸተር በሴኮንድ 15 ፎቶ ይወስዳል። አር8 በሴኮንድ 40 ይላል፤ ያ ግን በኤሌክትሮኒክ ሸተር ነው፣ የሚሮጥ ፈረስ እግር ሊያጣምም ይችላል። ሙሉ መካኒካል ሸተር የለውም፤ በኤሌክትሮኒክ ጀምሮ በመካኒካል በሚዘጋው ሸተር 6 ብቻ ነው። የሱቅ ሰው "40" ሲላችሁ "በየትኛው ሸተር?" ብላችሁ ጠይቁት።

ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3፣ ያገለገለ 6ዲ፣ ወይስ አዲስ ትንሽ ካሜራ?

ብዙዎቻችን ዘንድ እውነተኛው ምርጫ ይሄ ነው። አዲስ 1,500 ዶላር ማለት በብር ስትመቱት ቀልድ አይደለም። እጅ ያጥራል። ያገለገለ ካሜራ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ ስቱዲዮ ሲያሳድግ አሮጌውን ለጀማሪ ይሸጣል።

5ዲ ማርክ 3 እና 6ዲ ሁለቱም የ2012 ናቸው። ሁለቱም ፉል ፍሬም ናቸው። አንደኛው 22 ሜጋፒክስል፣ ሌላው 20። ሲወጡ 3,500 እና 2,100 ዶላር ነበሩ። የኩባንያውን የቅነሳ ዘዴ በእጃችሁ ይዛችሁ ለመማር ከእነዚህ የተሻለ ጥንድ የለም።

5ዲ ማርክ 3 61 የፎከስ ነጥብ አለው። 6ዲ 11 ብቻ። ከ11ዱ ደግሞ አስተማማኟ የመካከለኛዋ ነች። ጎን ላይ ያለ ፊት ስታነሱ መሀል ላይ ፎከስ ይዛችሁ ካሜራውን ማዞር አለባችሁ። ቆሞ ለሚነሳ ሰው ችግር የለውም። እስክስታ ለሚመታ ሰው ግን አድካሚ ነው። የሸተሩ ዕድሜም ይለያያል። ካነን ለ5ዲ ማርክ 3 150,000፣ ለ6ዲ 100,000 ብሎ ነው የሠራው። ፈጣኑ ሸተር የአንዱ 1/8000፣ የሌላው 1/4000 ነው።

አሁን ደግሞ ገልብጡት። 6ዲ ዋይፋይና ጂፒኤስ አለው። 5ዲ ማርክ 3 የለውም። ርካሹ ያለው፣ ውዱ የሌለው! ደንበኛ "ዛሬውኑ በቴሌግራም ላክልኝ" ሲል 6ዲ የያዘ ሰው ወደ ስልኩ ያወርዳል፤ 5ዲ የያዘው ካርድ አንባቢ ይፈልጋል። የ6ዲ የመካከለኛዋ ነጥብ ደግሞ በጨለማ ከ5ዲ ማርክ 3 በተሻለ ፎከስ ትይዛለች። ሻማ ብቻ በበራበት ቦታ ይሄ ይሰማችኋል።

የካርዱን ክዳን ከፍታችሁም እዩ። 5ዲ ማርክ 3 ጎን ላይ ሁለት ቦታ አለ፤ ወፍራሙ ለሲኤፍ፣ ቀጭኑ ለኤስዲ። ሁለት ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። የኤስዲው ቦታ ቀርፋፋ ነው፤ ፈጣን ካርድ ብታስገቡም በፍጥነቱ አይጽፍም። በሁለቱም ላይ አንድ ላይ ስታስጽፉ ካሜራው የሚሄደው በኤስዲው ፍጥነት ነው። ቀለበት ሲጠለቅ ቁልፉን ረገጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ይሞላና ይቆማል። ስለዚህ በሁለት ካርድ ስትሠሩ እየቆጠባችሁ ተኩሱ። የሲኤፍ ካርድም በየሱቁ አይገኝም፤ ካሜራውን ስትገዙ ካርዱንና አንባቢውን አብራችሁ ጠይቁ።

ቪዲዮ ላይ 5ዲ ማርክ 3 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ይቆማል። ይሄ ቁጥር ካሜራው ስለማይችል አይደለም የመጣው። አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቀዳ ዕቃ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር ነው። የእነሱ ቀረጥ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ የእኛን ተክሊል ያቋርጣል። ረጅም ሥርዓት የምትቀዱ ከሆነ ይሄን አስቡበት።

አዲሶቹ ትንንሾቹስ? አር50ና አር10 ፎከሳቸው ከሁለቱም አሮጌዎች ይበልጣል፤ ዓይን ለይተው ይከተላሉ። ቪዲዮ ላይ አይወዳደሩም። ግን ባትሪው ትንሽ ነው፣ ካርዱ አንድ ነው፣ የአቧራ መከላከያ የላቸውም። አር50 ላይ ማዞሪያው አንድ ብቻ ነው፤ አር10 ላይ ሁለት ነው፣ ጆይስቲክም አለ። በማኑዋል የምትሠሩ ከሆነ የአር10 ትርፍ ዋጋ ይገባዋል። የሰርግ ሥራ የማትሠሩ፣ ለዩቲዩብ ወይም ለቲክቶክ የምትቀርጹ፣ የመዝሙር ክሊፕ የምትሠሩ ከሆነ አር50 በቂ ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 1 ሰዓት ይቀዳል።

አር100ን ግን ተዉት። ስክሪኑ አይነካም፣ አይታጠፍም። 4ኬ ላይ ምስሉን ቆርጦ ያጠብባል፣ ፎከሱም ይዳከማል። በ480 ዶላር የወጣው ደንበኛን ወደ ቤቱ ለማስገባት ነው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ሰርግ ለመጀመር ገንዘብ የሌለው ሰው ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3 ይግዛ። ትንሽ ከፍ ማለት የሚችል ያገለገለ ሶኒ ኤ7 3 ይፈልግ፤ ሁለት ካርድ፣ ማረጋጊያ፣ ትልቅ ባትሪ ይዞ ነው የመጣው። 6ዲ ለስቱዲዮ፣ ለቁም ፎቶና ለመልክዓ ምድር እስከ ዛሬ የሚያኮራ ካሜራ ነው።

ስቱዲዮ ከከፈታችሁ ያቺን የብረት ነጥብ እዩ

በጣም ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ብዙ ሰው ጉድ ሠርታለች። ካሜራው አናት ላይ ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ ተመልከቱ። መሀሉ ላይ ከሌሎቹ ተለቅ ያለች ክብ የብረት ነጥብ ትኖራለች። የትኛውም ፍላሽ፣ የትኛውም ርካሽ የሬዲዮ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው ዕቃ) የሚነሳው በእሷ ነው። የሁሉም ኩባንያ ቋንቋ ናት።

ካነን በ250ዲ፣ በ2000ዲ እና በ4000ዲ ላይ ይችን ነጥብ አነሣት። ቦታው ባዶ ነው፣ ጣታችሁን ብታስኬዱበት ለስላሳ ነው። የካነን የራሱ ፍላሽ ይሠራል፤ የካነንን ምልክት የሚያውቁ ትሪገሮችም ሊሠሩ ይችላሉ። ያ በርካሽ የተገዛው ባለ አንድ ነጥብ ትሪገር ግን ዝም ይላል። ጀማሪው ትሪገሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ዝም ይላል። አሮጌው 600ዲ ወይም 700ዲ ላይ ነጥቧ አለች። ለስቱዲዮ ከአዲሱ 2000ዲ ይልቅ ያገለገለ 700ዲ እመክራለሁ።

4000ዲ ላይማ የተነሣው ብዙ ነው። ሌንሱ የሚሰካበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፣ ብረት አይደለም። የማብሪያ ቁልፍ የለውም፤ በሞድ ማዞሪያው ነው የሚጠፋው። ፍላሹን በጣት ነው የምታነሱት። መነጽር ለምታደርጉ ቪውፋይንደሩን ለዓይናችሁ ማስተካከያ የለም። ከባድ ሌንስ ሊሰካበት የተሠራ ካሜራ አይደለም።

ሌንሱ ከቦዲው በላይ ነው

ገንዘባችሁን በሙሉ ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራ) ላይ አታፍስሱ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት። ከአር50 ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ዙም ሲደረግ ኤፍ 6.3 ላይ ይደርሳል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል)። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ከዚያ 12 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ጨለማ ዳስ ውስጥ የ680 ዶላር ቦዲ ከ50 ኤፍ 1.8 ጋር፣ የ2,500 ዶላር ቦዲ ከኪት ሌንስ ጋር ሆኖ ከሚያነሳው የተሻለ ያነሳል።

ኩባንያው ይሄን ያውቃል። ለዚህ ነው ለትንንሾቹ ካሜራዎች ጥሩ ሌንስ ቶሎ የማይሠራላቸው። ካነን እስከ 2024 ድረስ አርኤፍ በሚባለው የአር ካሜራዎች የሌንስ አሰካክ፣ ለትንንሾቹ ሴንሰሮች፣ ሌንስ ሠሪዎቹ ሲግማና ታምሮን ባለ አውቶፎከስ ሌንስ እንዲሠሩ አልፈቀደም። ሶኒ ግን ከጥንቱ ለሌሎች ክፍት ነው፣ የታምሮንና የሲግማ ብዙ ምርጫ አለ። ከባዶ የሚጀምር ሰው ይሄን ለሶኒ ይቁጠርለት።

እኛ አካባቢ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። በየስቱዲዮው የተከማቸው የካነን ኢኤፍ ሌንስ ነው። ይሄ አሰካክ ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። ሌንስ የምትዋሱት ከጎረቤት ስቱዲዮ ነው፣ ሲበላሽ ጊዜያዊ መተኪያ የምታገኙትም ከእሱ። በአዳፕተር አዲሱ አር ካሜራ ላይ ኢኤፍ ሌንስ ያለ ችግር ይሠራል። ኢኤፍ-ኤም የሚባለው የካነን ኤም ካሜራዎች ሌንስ ግን በፍጹም አይገባም። የካነን ኤም ካሜራ ርካሽ ስታገኙ እንዳትገዙ፤ ዘሩ ተቋርጧል።

ባትሪም እንዲሁ ነው። የ5ዲ ማርክ 3፣ የ6ዲ፣ የ80ዲ፣ የአር7፣ የአር6 ማርክ 2 ባትሪ አንድ ቤተሰብ ነው። ሰርግ ላይ መብራት ጠፍቶ ቻርጀር ሥራ ሲፈታ ከጓደኛችሁ የምትዋሱት እሱን ነው። ጮቄ ተራራ ስትወጡ ደግሞ ብርዱ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ትርፉን ልብሳችሁ ውስጥ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት።

ለወረዳና ለዞን ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች

ጨረታ ላይ ስፔሲፊኬሽን ስትጽፉ "ከ24 ሜጋፒክስል በላይ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። አቅራቢው ያን የሚያሟላ በጣም ርካሹን ያመጣላችኋል፤ ከሕግ አንጻርም ልክ ነው። ሁለት የካርድ ቦታ፣ የአቧራ መከላከያ፣ የማይክ መሰኪያ፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ፣ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ፣ ሁለት ትርፍ የኦሪጅናል ባትሪ ብላችሁ ጻፉ። ካሜራው ለዓመታት በብዙ እጅ ስለሚዞር ጽናቱ ከምስሉ በላይ ያስፈልጋችኋል።

ልጆቹንና በዓሉን ብቻ ለሚያነሳ ቤተሰብ ደግሞ፦ ጥሩ ስልክ ካላችሁ ካሜራ አትግዙ። ልጆቹ ሲሮጡ ስልኩ ካልያዘላችሁ፣ ወይም ከሩቅ ማንሳት ከፈለጋችሁ ብቻ አር50ን አስቡ።

ያገለገለ ስትገዙ፣ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት

የራሳችሁን ካርድና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ኒኮን ከሆነ ሸተሩ ስንቴ እንደሠራ ያነሳችሁት ፎቶ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ካነን ከሆነ አብዛኛው ላይ በኬብል አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ያስፈልጋል። "ብዙም አልተሠራበትም" የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ፤ ሻጩ ራሱ ከሌላ ሰው ገዝቶት ሊሆን ይችላል።

ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማዩን አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ነው። ተጠርጎ የሚወጣ ከሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ጭረት ከሆነ ተዉት። ከዚያ ሌንሱን ነቅላችሁ ቀለበቱ ላይ ያሉትን ብሎኖች ተመልከቱ። የተፋፋቀ ብሎን ካለ ካሜራው ተከፍቶ ያውቃል። ሁለቱንም የካርድ ቦታ በየተራ ሞክሩ። የማይክ መሰኪያውን ሰክታችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉ፤ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ መሰኪያው ላልቷል። ፍላሽ አናቱ ላይ ሰክታችሁ ደጋግማችሁ አንሱ።

ባትሪውን ሙሉ አድርጋችሁ ጀምሩና ቪዲዮ ከፍታችሁ ሻይ እስክትጠጡ ተዉት። ሻጩ ለዚያ ጊዜ ካልታገሠ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ትልቅ ጥገና ለማሠራት ብዙዎቻችን ካሜራውን አዲስ አበባ እንልካለን። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰርግ እስክትሠሩበት ድረስ የመመለስ ስምምነት ጠይቁ፤ በወረቀት፣ የካሜራው ሴሪያል ቁጥር ተጽፎበት፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት።